ጽሑፉን አትንጠቁን

ከሸኸዲ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ፣ ኮኪት ላይ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ዐይነ ስውር ነኝ። ሰሊጥ ሲታጨድ ሱቁ በቀን ሠራተኛ ይሞላል፤ አብዛኛው የሚከፍለኝ በስልክ ነው። «ጋሼ፣ ልኬልሃለሁ» ሲሉኝ ስልኬን ወደ ጆሮዬ አስጠጋለሁ። ቴሌብር ከተባለው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ ከ127 የገባውን መልእክት፣ ቶክባክ የተባለው የስልኬ ማያ አንባቢ ያነብልኛል። ገብቶ ከሆነ ስኳሩን አቀብላለሁ፤ ካልገባ «ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ እንጠብቅ»።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኔን የጠቀመኝ መተግበሪያው ሳይሆን *127# የሚባለው አጭር ኮድ ነው። ሁሉም ጽሑፍ ነው፤ ስልኩ ዝርዝሩን ያነባል፣ እኔ ቁጥሩን እመርጣለሁ። ኢንተርኔትም አይጠይቅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መተግበሪያ የለመደው ዐይናማው ጎረቤቴ ኮዱን ሊጠይቅ የመጣው እኔ ዘንድ ነው።

ለቶክባክ የአማርኛ ድምፅ የሚሰጠው ኢስፒክ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ድምፁ በባዶ በርሜል ውስጥ የሚያወራ ሰው ይመስላል፤ ግን ይገባኛል።

ታዲያ አንድ ባንክ (ስሙ ይቅር) መተግበሪያውን «አሳመርኩ» አለ። ብከፍተው ስልኬ «ስም የሌለው ቁልፍ፣ ስም የሌለው ቁልፍ» ይለኛል። መላኪያው የቱ ነው? መሰረዣውስ? ሥዕል ለጥፈው ስሙን ሳይጽፉበት ትተውታል። የሰፈር ልጅ ጠርቼ ስልኩን ሰጠሁት፤ የምስጢር ቁጥሬንም ጭምር። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ በገዛ ገንዘቤ ላይ ምስጢር የለኝም።

ለቁልፍ ስም መስጠት ለሠሪው የአንድ መስመር ሥራ ነው። ኤንቪዲኤ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ማያ አንባቢ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው አውስትራሊያዊው ማይክል ከረን ራሱ ዐይነ ስውር ነው። የእኛ ሰው የድርሻውን ሠርቷል፤ ማያ አንባቢው ግን ያልተጻፈ ነገር ሊያነብልን አይችልም። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስለ ተደራሽነት የሚናገረው አንቀጽ 9 መረጃና ኮሙኒኬሽንን በስም ይጠራል።

ኮዱም እንከን አያጣውም፤ ዝርዝሩ ተነቦ ሳያልቅ ጊዜው ሞልቶ ይዘጋል። ጊዜውን አርዝሙልን። «አፕ ካለ ኮድ ምን ያደርጋል?» ለሚሉም መልሴ አንድ ነው፤ አፑ እስኪናገር ድረስ ኮዱን አትንኩብን።

መተግበሪያ የምትሠሩ ልጆች፣ ከመልቀቃችሁ በፊት ማያውን አጥፍታችሁ በቶክባክ ብቻ መቶ ብር ላኩ። ካቃታችሁ አትልቀቁት።