ለከተማ ውሃ ንጽሕና ለባላገር የሚከፈል ገንዘብ

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለቤት እመቤትም ለከተማ ሹምም እኩል ትምህርት የሚሰጥ ነው። እመቤቲቱ ለልጆችዋ የምታቀርበውን ውሃ ብታፈላውም፥ ብታጠልለውም፥ በንጹሕ እንስራ ብታኖረውም፥ የውሃው ጠባይ አስቀድሞ የሚወሰነው በወንዙ ራስ ነው። በዚያ ከብቱን የሚያጠጣው፥ ማሳውን የሚያርሰውና ፍጉን የሚከምረው ባላገር፥ ራሱ ሳያውቀው በሩቅ ላለ ቤተ ሰብ የጤና ጠባቂ ወይም የጤና ጠንቅ ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ውሃውን የሚጠጣው ሰው፥ ውሃውን ለሚጠብቀው ባላገር ወጪውን ሊከፍልለት ይገባልን?

ለዚህ ጥያቄ በሥራ መልስ ከሰጡት ከተማዎች መካከል በአሜሪካ የምትገኘው ኒው ዮርክ በሰፊው የታወቀች ናት። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።) ይህች ከተማ ለራስዋና ለጎረቤቶችዋ ከ9 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ውሃ ታቀርባለች፤ ከዚህም ውስጥ ከመቶው 90 እጅ ያህሉ የሚመጣው ከካትስኪል ተራሮችና ከዴላዌር ወንዝ ራስ ነው። ውሃው እስከ 200 ኪሎ ሜትር ድረስ በዋሻና በቦይ እየተጓዘ፥ አብዛኛው ያለ ሞተር ግፊት ቁልቁለቱን ተከትሎ ይወርዳል። ከግድቦቹ በላይ ያለው አገር ደን የበዛበት፥ በሸለቆውም የወተት ላሞች የሚረቡበት ነው።

በባላገሩና በከተማው መካከል ግን የቆየ ቅያሜ ነበረ። ከተማው ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ግድቦቹን ሲሠራ፥ በሕግ ኃይል ብዙ መሬት ወስዶ ነበር። መንደሮች፥ አብያተ ክርስቲያናትና እርሻዎች ከውሃ በታች ቀሩ፤ የሙታን አጥንት እንኳ ከመቃብር እየወጣ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። የአባቱን ርስት በዚህ ዓይነት ያጣ ሰው፥ ከከተማ የሚላክበትን ሹም በምን ዓይን እንደሚያየው ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም።

በ1989 የአሜሪካ መንግሥት አዲስ ደንብ አወጣ። ከወንዝና ከሐይቅ የሚጠጣ ከተማ ሁሉ ውሃውን በማጣሪያ እንዲያሳልፍ፥ ወይም ውሃው ከሚሰበሰብበት አገር ጀምሮ በሚገባ የተጠበቀ መሆኑን እንዲያስረዳ አዘዘ። የኒው ዮርክ ሹማምንት ሒሳቡን ቢመለከቱት፥ ማጣሪያውን ለመሥራት ብቻ ከ6 እስከ 8 ቢሊዮን ዶላር፥ ለማንቀሳቀስም በየዓመቱ 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚፈጅ ተገመተ። ስለዚህ ሁለተኛውን መንገድ ለመከተል ቈረጡ። ነገር ግን በ1990 ያቀረቡት ረቂቅ በትእዛዝና በክልከላ ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፥ ገበሬዎቹ «ይህ ከተፈጸመ እርሻችን ይጠፋል» ብለው በብርቱ ተቃወሙት።

መልካሙ ሥራ የተጀመረው ትእዛዙ ለምክር ቦታውን በለቀቀ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው የውሃና የአካባቢ ጥበቃ ሹም የነበሩት አልበርት አፕልተን ከገበሬዎቹ ጋራ ለመነጋገር ተቀመጡ፤ ንግግሩም ብዙ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው። ማንም ገበሬ በግድ አይገባም፤ የሥራውን ወጪ ከተማው ይከፍላል፤ ዕቅዱ እንደ እያንዳንዱ እርሻ ጠባይ ለየብቻው ይዘጋጃል፤ ሥራውንም በ1993 የተቋቋመውና ገበሬዎች የሚመሩት የእርሻ ምክር ቤት ይቈጣጠራል። በአምስት ዓመት ውስጥ ከመቶው 85 እጅ የሚሆኑት ገበሬዎች እንዲገቡበት ታሰበ፤ የገቡትም ከታሰበው በለጡ።

ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ ማወቅ ይጠቅማል። ላም ለመጠጣት ወደ ጅረት ስትወርድ ዳርቻውን ትንደዋለች፥ እበትዋንም በውሃው ውስጥ ትጥላለች፤ ስለዚህ ጅረቱ ታጥሮ የምትጠጣው ውሃ ወደ ገንዳ ተሳበላት። የበረቱ ግቢ ተነጠፈ፤ የዝናሙም ውሃ እድፉን እያጠበ ወደ ወንዝ እንዳይወርድ በሌላ ቦይ ተመለሰ። የፍግ ማከማቻ ተሠራ፤ ፍጉም ሰብሉ ሊመገበው በሚችልበት ጊዜና መጠን ብቻ እንዲበተን ተደረገ። ፍግ በማሳ ላይ ሲሳይ ነው፤ ወደ ግድብ ሲገባ ግን በውስጡ ያለው ፎስፎረስ አረንጓዴ አረም እያበዛ የውሃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻል። በጅረቱ ዳርም ዛፍና ሣር ተተከለ፤ ለዚህ ሲባል ከግጦሽና ከእርሻ ለወጣው መሬት ከ1998 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ኪራይ ይከፍልበታል።

ይልቁንም ብዙ የታሰበው ስለ ጥጆች በረት ነበረ። ጥጃ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን፥ ክሎሪን በቀላሉ የማይገድለውን ጥቃቅን ተሕዋስ በአንጀትዋ ልትይዝ ትችላለች። በ1993 ይኸው ተሕዋስ በሚልዋኪ ከተማ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ገብቶ 400 ሺሕ ያህል ሰው በተቅማጥ አሳመመ፤ ሰውነታቸው ቀድሞ የደከመባቸውም ሞቱ። ሊታሰብበት የሚገባው ነገር፥ ሚልዋኪ ማጣሪያ የነበራት ከተማ መሆንዋ ነው። ስለዚህ ማጣሪያ ቢኖርም እንኳ የምንጩን ጥበቃ የሚተካ አይደለም።

አንዳንድ ሰው «ያረከሰው ራሱ ያጥራ፥ ለምን ይከፈለዋል?» ሊል ይችላል። ነገሩ አግባብ ያለው ይመስላል፤ ሆን ብሎ ወንዝ የሚያበላሸውንም ሕግ ሊቀጣው ይገባል። ነገር ግን የወተቱን ዋጋ የሚወስነው ገበሬው አይደለም፤ ለአጥርና ለማከማቻ ያወጣውን ገንዘብ በወተቱ ላይ ጨምሮ መሸጥ አይችልም። ከአጥሩ የሚገኘውን ዋና ጥቅም የሚያገኘው ደግሞ በ200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቧንቧ የሚከፍተው ቤተ ሰብ ነው። ጥቅሙ የአንዱ፥ ሸክሙ የሌላው ሆኖ ሲቀር ፍርድ ይዛባል። ሸክሙ በርትቶበት እርሻውን ቢሸጥ፥ በላሞቹ ፈንታ ቤትና መንገድ በሸለቆው ይበዛል፤ ይህም ለውሃው የባሰ ይሆናል። ለኒው ዮርክ ከመቶው 10 እጅ ያህል ውሃ የሚሰጠውና ብዙ ሕዝብ የሰፈረበት የክሮተን አገር ማስረጃ ነው፤ ለእርሱ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀ ማጣሪያ በ2015 ሥራ ጀምሮለታል። የካትስኪልና የዴላዌር ውሃ ግን ክሎሪን እየተጨመረበትና በአልትራ ቫዮሌት ጨረር እያለፈ፥ ያለ ማጣሪያ ይጠጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ ሁሉን አያድንም። የወተት ገበያ ስለ ከበዳቸው እርሻቸውን የተዉ ብዙዎች ናቸው። አጥርም ይወድቃል፥ ማከማቻም ይሞላል፤ አንድ ጊዜ ከፍሎ የሚረሳ ከተማ የሠራውን ያጣል። ሙኒክ የምትባለው የጀርመን ከተማ ይህን ተረድታ፥ በማንግፋል ሸለቆ የሚያርሱት ገበሬዎች ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና የተባይ መርዝ እንዲተዉ ከ1992 ጀምሮ በመሬታቸው ስፋት ልክ ትከፍላቸዋለች።

የአዲስ አበባ ሕዝብም ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከለገዳዲ፥ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ነው፤ በዙሪያቸውም ያለው አገር የሚታረስና ከብት የሚሰማራበት ነው። ስለዚህ ሥልጣን በእጃቸው ያለ አንባቢዎቻችን ወደ ወንዙ ራስ ሰው ሲልኩ፥ የሚላከው ሰው ደንብ ብቻ ሳይሆን ሒሳብና የሚሰማ ጆሮም ይዞ እንዲሄድ ያድርጉ። የቤት አባትና እመቤትም በውሃ ሒሳባቸው ላይ ለባላገሩ ጥቂት ገንዘብ የሚታሰብበት ቀን ቢመጣ፥ ለልጆቻቸው ጤና እንደ ተከፈለ ቈጥረው በደስታ ይስጡት።