ሰማያዊውን መስጊድ ለመጎብኘት ጫማ ስናወልቅ

ለንግድ፣ ለሕክምና ወይም በትራንዚት ምክንያት ኢስታንቡልን የሚረግጡ አማኞች ጥቂት አይደሉም። ከአንበሳሜ ወይም ከወረታ ተነሥቶ እዚያ የደረሰ ወንድም በሱልጣን አህመድ መስጊድ ውስጥ የተነሣውን ፎቶ ቢልክ፣ በምእመናን መካከል "ክርስቲያን መስጊድ ይገባል ወይ?" የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነውና በጥሞና እንመልከተው።

"ሰማያዊው መስጊድ" የሚባለው ይህ ሕንፃ በኦቶማኑ ሱልጣን አህመድ 1ኛ ትእዛዝ ከ1609 እስከ 1616 ተሠራ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ስድስት ሚናራዎች አሉት። ስያሜውን ያገኘው የውስጥ ግድግዳውን ካስጌጡት ከ20,000 በላይ የሸክላ ጡቦች ሰማያዊ ቀለም ነው። እነዚህ ጌጦች የተሠሩት በኢዝኒቅ ከተማ ነው። ኢዝኒቅ ደግሞ በ325 የተሰበሰቡ አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን የመሰከሩባት ጥንታዊቷ ኒቂያ ናት! መስጊዱ ዛሬም የሚሰገድበት ስለሆነ በስግደት ሰዓት ለጎብኚ ይዘጋል። በሌላው ሰዓት የሚገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል፤ ሴቶችም ይከናነባሉ።

ኖቬምበር 29 ቀን 2025 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ ሊዮ 14ኛ ይህን መስጊድ ጎበኙ። ቱርክ የሄዱት የኒቂያ ጉባኤ 1,700ኛ ዓመት በሚታሰብበት ወቅት ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ የሚነገራቸውንም በአክብሮት አዳመጡ። ሙአዚኑ እንዲጸልዩ ሲጋብዛቸው ግን አልጸለዩም። ከእርሳቸው በፊት ቤኔዲክት 16ኛ በ2006፣ ፍራንሲስም በ2014 በዚያው ስፍራ በጸጥታ ቆመው ጸልየው ነበር። እኛ በጳጳሱ ሥልጣን ሥር አይደለንም። ይሁን እንጂ ክስተቱ የእኛኑ ጥያቄ ግልጽ አድርጎ አስቀምጦታል፦ አክብሮት የሚያበቃው፣ አምልኮ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

አንደኛ፣ ማየት ማምለክ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና እየተዘዋወረ የሕዝቡን የአምልኮ ስፍራዎች በጥንቃቄ ተመልክቷል (የሐዋ. 17፥23)። አላመለከም፤ አልተሳደበምም። ያየውን ለወንጌል መነሻ አደረገው። ጫማ ማውለቅም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ የባለቤቱን ሥርዓት ማክበር ነው። በስግደቱ መካፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ ሕሊናችን ለጌታ ብቻ የተለየ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሕንፃዎቹ ያስተምሩናል። ከሰማያዊው መስጊድ ፊት ለፊት በ537 የተመረቀችው አያ ሶፊያ ቆማለች። በ1453 መስጊድ ሆነች፤ በ1934 ሙዚየም እንድትሆን ተወሰነ፤ በጁላይ 2020 እንደገና ለስግደት ተከፈተች። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ የውጭ ጎብኚዎች 25 ዩሮ እየከፈሉ ላይኛውን ፎቅ ብቻ እንዲያዩ ተደረገ። ብዙ ክርስቲያኖች በዚህ ያዝናሉ፤ ኀዘኑም ይገባናል። ነገር ግን ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት፣ የሐረሩ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሠራው ግብጾች ባሠሩት መስጊድ ስፍራ ላይ መሆኑን እናስታውስ። ጌታም ለኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ያሳሰባት ስለ ሕንፃዋ ሳይሆን ስለ ተወችው የቀድሞ ፍቅር ነበር (ራእ. 2፥4-5)።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ጉዳዩ ወደ ደጃችን ይመጣል። በ2011 በጅማ አካባቢ በአሰንዳቦ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ አልቅሰናል። በ2019 ግን በእስቴ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል። እስቴ የደራ ጎረቤት ናት! ያን ጊዜ ስንቶቻችን ሙስሊም ጎረቤታችንን "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልን? የአምልኮ ስፍራ ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ በሌላው ላይ ሲደርስ ዝም ማለት አይገባውም።

እንግዲህ፣ ወዳጄ ሆይ፣ ኢስታንቡል ከሄድህ ግባና ተመልከት፤ ሥርዓታቸውን አክብር፤ እምነትህን ጠብቅ። ያላየህም ብትሆን፣ በፎገራ ሜዳ ላይ አብሮህ ሩዝ የሚያጭደውን፣ በገበያ አጠገብህ የሚሸጠውን ሙስሊም ወንድምህን ጎብኘው። ለእርሱ ደጅ ቪዛም ትኬትም አያስፈልግም። በባዕድ አገር ለምንጣፉ ያሳየነውን አክብሮት በአገራችን ለሰውየው ከነፈግነው፣ ስለምንሰብክለት ፍቅር ማን ያምነናል?

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።