ጎንደርን ያየ ቆላውን አይርሳ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ነገር ግን አገሩን በግማሽ የሚያውቅ ሰው ናፍቆቱም ግማሽ መሆኑን መጨመር ይገባል። ውድ አንባብያን ሆይ፣ ስለ ጎንደር ጉብኝት ይህን አጭር አሳብ ላቀርብላችሁ የተነሣሁት ስለዚሁ ነው።

ከሸሕዲ ተነሥቶ በነጋዴ ባሕርና በአይከል በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣ ተማሪ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የቆላውን ሐሩር ትቶ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ሲደርስ፣ ነፋሱም ልብሱም የሰዉም አነጋገር ይለወጥበታል። ከዚያም ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ባደረጉት ከተማ የታነጸውን ግንብ ያያል። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት ጻድቁ ዮሐንስ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ፣ ዳዊትና በካፋ በየተራቸው የየራሳቸውን ሕንጻ አክለውበታል። ግቢውን የሚከበው ቅጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው። ከግቢው ውጭ ደግሞ ጥር 11 ቀን ለጥምቀት በዓል ውሃ የሚሞላው የፋሲል መዋኛ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ከነመላእክቱ ሥዕል፣ የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ፍርስራሽ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ተማሪው ይህን ሁሉ አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ ሸሕዲ ይመለሳል። ሲመለስም ብዙ ጊዜ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ «ታሪክ ያለው እዚያ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ሰሊጥና ሙቀት ብቻ ነው» ይላል። በእኔ አስተያየት ይህ ቃል ስሕተት ነው። ስሕተት መሆኑንም ራሱ ጎንደር ይመሰክራል።

አንደኛው ምስክር እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የዐፄ በካፋ ባለቤት፣ የዳግማዊ ኢያሱም እናትና እንደራሴ የነበሩት፣ በግቢው ውስጥ በስማቸው የሚጠራውን ግንብ ያሠሩትና ቁስቋምን ያቆሙት እኒህ እቴጌ የቋራ ልጅ ነበሩ። ቋራ ደግሞ ከመተማ ጋር አብሮ ዛሬ በምዕራብ ጎንደር ዞን የሚገኝ የኛው ቆላ ነው። ስለዚህ የቆላ ተማሪ በምንትዋብ ግንብ ደጃፍ ሲቆም የቆመው በባዕድ ደጃፍ ሳይሆን በገዛ አገሩ ልጅ ቤት ደጃፍ ነው።

ሁለተኛው ምስክር መንገዱ ነው። ጎንደር ከተማ የሆነችው በድንጋይና በኖራ ብቻ አይደለም፤ በንግድም ነው። ከስናር ወደ ጎንደር የሚወጣው የነጋዴ መንገድ የሚያልፈው በዚህ በጠረፉ ቆላ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም በ1691 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ከስናር ተነሥቶ ነው።

ሦስተኛው ምስክር መከራው ነው። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የመሐዲስቶች ጦር ከዚህ ከጠረፉ ወጥቶ ጎንደርን አቃጠለ፤ ከብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናትም ጥቂቶች ብቻ ተረፉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከእሳት ያዳነው የንብ መንጋ ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። በሚከተለው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጦራቸውን አስከትለው ወደ መተማ ወረዱ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በጦርነቱ መካከል በጥይት ተመትተው በማግሥቱ ዐረፉ። የጠረፏ ከተማ መተማ ዮሐንስ ተብላ የምትጠራው በስማቸው ነው። እንግዲህ የጎንደርን የተቃጠሉ ግድግዳዎች አይቶ መተማን ያላየ ሰው፣ የአንድን መጽሐፍ መጀመሪያ አንብቦ መጨረሻውን እንደተወ ይቆጠራል።

አሁን ደግሞ ከዐይን ወደ ምላስ ልለፍ። ይህን ስል የሚስቅ ጓደኛ አይጠፋም፤ ነገር ግን ነገሩ የቀልድ አይደለም። ሰው አንድን የታወቀ ከተማ ጎብኝቶ ሲመለስ ለቤተሰቡ የሚያመጣው ነገር ይፈልጋል። በሕንድ አገር የምትገኘው አግራ በታጅ ማሐል የታወቀች ከተማ ናት። የታጅ ማሐል ሥራ የተጀመረው ፋሲል ዙፋን በያዙበት ዘመን፣ በ1632 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ወደ አግራ የሄደ ሰው መቃብሩን አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ከነጭ ዱባና ከስኳር የሚሠራውን «ፔታ» የተባለውን ጣፋጭ በካርቶን አስጠቅልሎ ይሄዳል። በዚህም ሠሪው፣ ሻጩና ዱባውን የሚያመርተው ገበሬ ሁሉም ከጎብኚው ይጠቀማሉ።

ጎንደርስ? ጎንደር ጠጅና ብርዝ አላት፤ እነዚህ ግን እዚያው ተጠጥተው የሚያልቁ ናቸው። ጎብኚው በእጁ ይዞት የሚሄድ፣ «ይህ የጎንደር አገር ጣፋጭ ነው» የሚያሰኝ ነገር በግንቡ በር አካባቢ እንደ ልብ አያገኝም። ጣፋጩ የሚሠራበት ዕቃ ግን በኛ እጅ ነው። ሰሊጥ ከቡና ጋር ወደ ውጭ አገር ከሚላኩት ዋና ዋና ምርቶቻችን አንዱ ሲሆን፣ መተማና አካባቢው ከታወቁት የሰሊጥ አገሮች መካከል ናቸው። በክረምት ተዘርቶ፣ በጥቅምት ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ በሂላ ከደረቀ በኋላ ይራገፋል። ከዚያ በጆንያ ታጭቆ እንዳለ ይጫናል። ባሕር ማዶ ሲደርስ ጣሂኒና ሐላዋ ሆኖ በሌላ አገር ስም ይሸጣል። በጆንያ የሄደው ሰሊጥ የኛ ነበር፤ በሣጥን የታሸገው ሐላዋ ግን የኛ አይባልም። «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ነው።

ሥራውም ቢሆን ታላቅ ፋብሪካ የሚጠይቅ አይደለም። ሰሊጡን አጥቦና አድርቆ በምጣድ ማመስ፣ ማሩን በድስት እስኪወፍር ማፍላት፣ ሁለቱን አዋሕዶ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ መዘርጋት፣ ሳይጠነክርም መቁረጥ ነው። የሱዳን ጎረቤቶቻችን ይህን የመሰለውን ጣፋጭ «ሰምሰሚያ» ብለው ከጥንት ያውቁታል። እኛ ግን ሰሊጡን እናመርታለን፤ ከረሜላውን ከሱቅ እንገዛለን።

አንዳንድ ሰዎች «ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት የጎብኚ እግር አጥሯል፤ በሱዳን በኩልም በዚያው ዓመት ጦርነት ተነሥቶ ንግዱን አውኮታል፤ ስለ ጉብኝትና ስለ ጣፋጭ የሚወራበት ጊዜ ነውን?» ብለው ይቃወሙኝ ይሆናል። ሐዘናቸውን እጋራለሁ። ይሁን እንጂ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ የሚዘጋጅ ሰው፣ መንገድ ሲከፈት ቀድሞ ይራመዳል። ደግሞም መተማ በሰው ዘንድ የምትታወቀው ብዙ ጊዜ ሰው ተሰድዶ የሚያልፍባት፣ ወጣቱም ኑሮ ፍለጋ ድንበር የሚሻገርባት በር ሆና ነው። አገራችን መተላለፊያ ብቻ ሆና እንድትቀር የማንፈልግ ከሆነ፣ ሰው የሚቆምበትና የሚቀምሰው ነገር እንዲኖራት ማድረግ የኛው ፈንታ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለትምህርት ቤታችን፣ ለወላጆችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አቀርባለሁ። በመጀመሪያ፣ ሰላም ሆኖ ተማሪዎች ጎንደርን ለመጎብኘት ሲነሡ አስቀድመው የመተማን የጦር ሜዳ ይዩ፤ ያዩትንም በደብተር ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ከሽማግሌዎች አፍ ስለ ቋራና ስለ መተማ የሚነገረው ታሪክ ሳይጠፋ በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ይውጣ። ሦስተኛ፣ የሰሊጥና የማር ጣፋጭ በንጽሕና ተሠርቶ፣ የመጣበት አገር ስም ተጽፎበት፣ በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ይሸጥ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፣ ብዙዎች ከተባበሩበት የሚከብድ አይሆንም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! የፋሲልን ግንብ ለማየት የሚመጣ እንግዳ ከሩቅ አገር ይመጣል። እኛ ግን የምንትዋብ አገር ልጆች ነን። እንግዳው ግንቡን አይቶ ሲወጣ የቆላውን ሰሊጥ በእጁ ይዞ፣ «ይህ የሚበቅልበት አገር ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያን ጊዜ ጎንደርን በሙሉ ማየት ጀመረ ማለት ነው።