የእጅ ስልክን ለማስጠገን መድን መግባት ይጠቅማልን?

ከለቡ ሰፈር አንዲት ወይዘሮ የጻፉልን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ደርሶን በደስታ ተመለከትነው። ጥያቄያቸው የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው፤ መልሱን ለእሳቸው ብቻ ከመላክ ይልቅ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ብናወጣው ይሻላል ስንል አሰብን። ስማቸው እንዳይገለጽ ስለ ለመኑን ፈቃዳቸውን ፈጽመናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወይዘሮዪቱ በለቡ የሚኖሩት በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው ጡረታ ከወጡት ባለቤታቸው ጋራ ብቻ ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው አንደኛው በባሕር ዳር፤ ሁለተኛው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ። ታላቂቱ ልጅ ደግሞ ባሕር ማዶ በዋሽንግተን ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ ማታም በአባቷ የእጅ ስልክ ፊት ለፊት እየተያዩ ይነጋገራሉ። ወይዘሮዪቱ ራሳቸው የያዟት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ስለ ሆነች መልክ አታሳይም። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ውሃ በፈረቃ በመጣበት ሌሊት፤ ባለቤታቸው በርሜሉ መሙላቱን ሊያዩ ጎንበስ ቢሉ፤ ስልኩ ከደረት ኪሳቸው ወጥቶ በሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ ስክሪኑም ተሰነጠቀ፤ ወዲያውም ጠቆረ። ለዚያ ዓይነት ስልክ የሚሆን ስክሪን በሰፈሩ ጠጋኞች ዘንድ ስለ ታጣ፤ ከመርካቶ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ ሦስት ሳምንት አለፈ። «በዓሉን የልጃችንን ፊት ሳናይ ዋልን» ብለው ጽፈውልናል።

ልጂቱም ይህን በሰማች ጊዜ ገንዘብ ልካ ለአባቷ በ24,000 ብር አዲስ ስልክ አስገዛች። ስልኩን የሸጠው ባለ ሱቅ ታዲያ «በዓመት 2,400 ብር ቢከፍሉኝ፤ ስክሪኑ በተሰበረ ጊዜ እርስዎ 1,000 ብር ብቻ ይሰጡኛል፤ የቀረውን እኔ ችዬ አስጠግንልዎታለሁ፤ ለልጆችዎም ስልክ እንደዚሁ፤ የተጠገነውን አሮጌ ስልክም በ1,500 ብር ሒሳብ ልያዝልዎት» አላቸው። ባለቤትየው እሺ ሊሉ ተቃረቡ። ወይዘሮዪቱ ግን ገንዘቡ ለዕቁብ ይሁን ብለው ተቃወሙ። በዚህም ነገር በቤታቸው ክርክር ስለ ተነሣ እኛ እንድንፈርድ ጻፉልን።

በባልና በሚስት መካከል ገብቶ መፍረድ የማይመች ሥራ መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቁልናል። ሒሳብ ግን ለማንም የማያዳላ ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር።

ወይዘሮዪቱ እንደ ገለጹልን የዚህ ስልክ ስክሪን ዛሬ ከነእጅ ዋጋው 7,000 ብር ነው። ስለዚህ ስልኩ አንድ ጊዜ ቢሰበር ውሉ የሚያድንላቸው 7,000 ብር ሳይሆን፤ እሳቸው የሚሰጡት 1,000 ብር ተቀንሶ 6,000 ብር ብቻ ነው። በ5 ዓመት የሚከፈለው የውል ገንዘብ ደግሞ 12,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ ውሉ ከፋዩን የማይጎዳው አንዱ ስልክ በ5 ዓመት ውስጥ 2 ጊዜ ሲሰበር ነው ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ የሚሰብር ሰው ለባለ ሱቁ ሲገብር ይኖራል፤ ከዚያ አብልጦ የሚሰብር ግን ከባለ ሱቁ ይጠቀማል።

የዚህ ቤተ ሰብ ልማድ እንዴት ነው? በሦስት ዓመት ውስጥ በሦስቱ ስልኮች ላይ የደረሰው ስብራት ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ በፋሲካ የአባትየው፤ ሁለተኛው በጅማ የሚማረው ልጅ ከአውቶቡስ ሲወርድ የጣለው። በዛሬው ዋጋ ብናሰላው፤ ያለ ውል 14,000 ብር ለጥገና ይወጣ ነበር። በውሉ ቢሆን ግን ለሦስት ስልክ የሦስት ዓመት ክፍያ 21,600 ብር፤ በሁለቱ ስብራት ጊዜ የሚሰጠው 2,000 ብር ተጨምሮ 23,600 ብር ይደርስ ነበር። ልዩነቱ 9,600 ብር ነው። እያንዳንዱ አንባቢ በቤቱ ተቀምጦ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ስክሪን እንዳስለወጠ አስቦ ይህንኑ ስሌት ቢሠራ፤ ከማናቸውም ሻጭ ቃል ይልቅ የራሱ ቤት ታሪክ እውነቱን ይነግረዋል። የልጆችን ስብራት ግን አንድም ሳይደብቁ መቍጠር ነው፤ እናቶች በዚህ ላይ ርኅሩኆች ናቸው ሲባል ሰምተናል።

እዚህ ላይ ስለ መድን ጠባይ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። መድን በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ፤ ለውጭ አገር ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሠራ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ኢምፔሪያል የተባለው የመድን ኩባንያ ተቋቋመ። ነጋዴው መድን የገባው ለምን እንደ ሆነ ልብ እንበል፤ መጋዘኑ ቢቃጠል ወይም ዕቃው ከነመርከቡ ቢሰጥም ዳግመኛ ሊነሣ ስለማይችል ነው። እድርም እንዲሁ ነው። ድንኳኑ፤ ንፍሮው፤ የቀብሩ ወጪ በአንድ ቀን በአንድ ቤት ላይ ሲወድቅ ቤቱን ስለሚያጎብጠው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጣ ሸክሙን ተካፈለ። ለተሰበረ ጀበና እድር ያቋቋመ ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላየንም። ጀበና ሲሰበር እመቤቲቱ ጥቂት ታዝንና ሌላ ትገዛለች።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ስልኩ ለዚህ ቤት እንደ መጋዘን ነው ወይስ እንደ ጀበና ነው የሚል ነው። የ7,000 ብር ወጪ ሲመጣ ቅር እያለው ቢሆንም መክፈል ለሚችል ቤት ስብራቱ የጀበና ስብራት ነው። በስልክ ጥሪ መንገደኛ እየጫነ ለሚያድር የታክሲ ነጂ ግን፤ ስልኩ በጠቆረ ቀን እንጀራው ይቋረጣል፤ 7,000 ብርም በእጁ ከሌለ ተበድሮ ይከፍላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ከሒሳቡ ጥቂት የሚበልጥ ቢከፍል እንኳ ውሉ ሊጠቅመው ይችላል፤ ያውም ጠጋኙ በዚያው ቀን የሚሠራለት ከሆነ ነው። በየዓመቱ ስልክ ለሚሰብርም ሰው ውሉ ትርፍ ነው። ዳሩ ግን ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ፤ በወረቀቱ ግርጌ «በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ አይጠገንም» የሚል ቃል እንዳለ አስቀድሞ መመልከት ይገባል።

ባለቤትየው ያቀረቡት አንድ ምክንያት ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። «ገንዘብ ብናስቀምጥ የገንዘቡ አቅም ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ግን በዶላር የሚገዛ ነው» ብለዋል። እውነት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፤ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስክሪን ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚይዛቸው ቴክኖ፤ አይቴልና ኢንፊኒክስ የተባሉት ስልኮች የአንድ ትራንሺን የሚባል የቻይና ኩባንያ ሥራዎች ሲሆኑ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም ቢጀምርም፤ የሚገጣጠመው ክፍል ከባሕር ማዶ ይመጣል። እንግዲህ የስክሪኑ ዋጋ ወደ 10,000 ብር ከፍ ቢል ምን ይሆናል ብለን ሒሳቡን እንደ ገና ሠራነው። ያለ ውል ሁለቱ ስብራት 20,000 ብር ይፈጃሉ፤ በውሉ ግን ያው 23,600 ብር ነው። ልዩነቱ ወደ 3,600 ብር ጠበበ እንጂ አልተገለበጠም። ዋጋው ከዚህም ብዙ ቢያልፍ ወይም ስብራቱ አንድ ቢጨምር ግን ባለቤትየው ይረታሉ። ስለዚህ ነገራቸው ከንቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን ባለ ሱቁ ቃሉን ይጠብቃል ብለን ነው። ውሉ «ስክሪኑን እንለውጣለን» የሚል ከሆነ የዋጋው መናር የባለ ሱቁ ዕዳ ነው። «እስከ 6,000 ብር እንከፍላለን» የሚል ከሆነ ግን መናሩ የደንበኛው ዕዳ ይሆናል፤ የባለቤትየውም ምክንያት በዚያው ይፈርሳል። የሚገባው ስክሪን ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ የሚለውም በጽሑፍ መገኘት አለበት፤ በዋጋም በዕድሜም ብዙ ይለያያሉና። ስልኩ ቢሰረቅ፤ ከውሃ ቢገባ፤ ባትሪው ቢደክም የጥገና ውል ብዙ ጊዜ አይመለከተውም፤ በከተማችን ደግሞ ሰው አብልጦ የሚፈራው ከመስኰት የሚነጥቀውን እጅ ነው። ከዚህም በቀር ፋብሪካው ለራሱ ጉድለት በነጻ የሚሰጠውን ዋስትና፤ ሻጭ እንደ አዲስ ነገር አድርጎ በገንዘብ እንዳይሸጥልን መጠንቀቅ ነው።

የወረቀቱን ባለቤትም መጠየቅ ያስፈልጋል። በመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት፤ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያላገኘ የመድን ሥራ ሊሠራ አይችልም። ፈቃድ ያለው ኩባንያ በሱቁ በኩል የሚሸጠው ውል ከሆነ በወረቀቱ ላይ የኩባንያው ስምና ማኅተም ይገኛል፤ ደንበኛውም ቢበደል አቤት የሚልበት አለው። ባለ ሱቁ በራሱ ስም የሰጠው ወረቀት ግን የአንድ ነጋዴ ተስፋ ነው፤ የሚጸናውም ሱቁ በቦታው እስካለ ድረስ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ በአዲስ አበባ ስንት ሱቅ ቦታውን እንደ ለወጠ አንባቢዎቻችን ስለሚያውቁ በዚህ ላይ ብዙ አንናገርም።

ፈቃድ ያለው ኩባንያም ቢሆን ውሉን ማንበብ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፤ የዕቃ መድን ለደረሰው ጉዳት ካሣ መሆኑንና ካሣውም ዕቃው በጉዳቱ ቀን ካለው ዋጋ እንደማይበልጥ ይደነግጋል። ዘንድሮ 24,000 ብር የተገዛ ስልክ በሦስተኛው ዓመት ዋጋው ስለሚወርድ፤ ክፍያው ባለበት እየቀጠለ የሚጠበቀው ካሣ ሊያንስ ይችላል ማለት ነው። ይህ የውል ነገር የእኛን አገር ብቻ የሚያስቸግር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የእንግሊዝ አገር የገንዘብ ሥራ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት የእጅ ስልክ መድን የሚሸጡትን ኩባንያዎች መርምሮ፤ ውሎቻቸው ለደንበኛው ግልጽ አለመሆናቸውንና የአቤቱታ አያያዛቸውም ጉድለት እንዳለበት አስታውቋል። ከባሕር ማዶ ዘመድ ከነመድኑ ስልክ የላከለትም ሰው ጥገናው የት አገር እንደሚፈጸም አስቀድሞ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ለቡ እንመለስ። የወይዘሮዪቱ ሒሳብ ትክክል ነው፤ ገንዘቡን ለዕቁብ ማለታቸው ግን ለዚህ ነገር አይስማማም። ዕቁብ በዕጣ የሚወጣ ስለ ሆነ ስልኩ የሚሰበርበትን ቀን አይጠብቅም፤ የዕቁቡ ዳኛ ቢለመኑ ተራውን ያስቀድሙ ይሆናል፤ ለስልክ ስክሪን ብሎ ዳኛ መለመን ግን ደስ አይልም። ለሦስቱ ስልኮች በዓመት ሊከፈል የታሰበው 7,200 ብር በወር 600 ብር ነው። ይህን በባንክ ለብቻው ቢያኖሩት፤ በአንድ ዓመት የአንድ ስክሪን ዋጋ ይሞላል። ስልክ ባልተሰበረበት ዓመትም ገንዘቡ የእነርሱ እንደ ሆነ ይኖራል።

የባለቤትየው ልብ ግን ከ7,000 ብሩ ላይ እንዳልሆነ ከደብዳቤው ተረድተናል። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ልጃቸውን ያላዩበት ሦስት ሳምንት ነው። ይህን ደግሞ ባለ ሱቁ የሰጠው ወረቀት አይመልሰውም፤ በስንት ቀን ጠግኖ እንደሚያስረክብ አንድም ቃል አልተጻፈበትምና። ስክሪኑ ከመርካቶ ቢጠፋ፤ ውል ያለውም ውል የሌለውም እኩል ይጠብቃል። ይልቁንም ለሦስቱ ሳምንት መድን የሚሆነው ባለ ሱቁ በ1,500 ብር ልያዘው ያለው ያ አሮጌ ስልክ ነው። ተጠግኗል፤ መልክ ያሳያል፤ ድምፅም ያሰማል። እርሱን ሰጥቶ የጥገና ውል መግዛት፤ በእጅ ያለውን መጠባበቂያ በተስፋ መለወጥ ይሆናል።

ስለዚህ ባለቤትየው አሮጌውን ስልክ አይስጡ፤ ወይዘሮዪቱም ገንዘቡን ከዕቁቡ ለይተው በባንክ ያኑሩት። የልጂቱ የመደወያ ቍጥር በአሮጌው ስልክ ውስጥ ይመዝገብ፤ ለአዲሱም ጠንካራ ከቨር ይገዛለት፤ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት ከደረት ኪስ ወጥቶ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። አሮጌውም በመሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ባትሪው እንዳይሞት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቻርጅ ይደረግ፤ ይህንንም ሥራ ባለቤትየው ቢይዙት ይሻላል እንላለን።