የፕሮምፕት ምልክቶች ወጥነት በሶፍትዌር መመሪያዎች

በፎገራ ሜዳ የሚሰበሰብ የሩዝ ጥናት መረጃ ዛሬ የሚተነተነው በአመዛኙ በኮምፒዩተር ነው። የአንድ ክረምት ልኬት ከተበላሸ ለመድገም ቀጣዩን ክረምት መጠበቅ ግድ ይላል። ስለዚህ የትንተናውን ቅደም ተከተል የሚያሳየው መመሪያ እንደ ማሳው ሁሉ ጥንቃቄ ይሻል።

በመመሪያዎች ውስጥ ቸል ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ፕሮምፕት፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ለመቀበል መዘጋጀቱን የሚያሳይበት ምልክት ነው። በሊኑክስ $ ተራ ተጠቃሚን፣ # ደግሞ ሙሉ ሥልጣን ያለውን አስተዳዳሪ ያመለክታል። አር > ሲጠቀም ፓይተን >>> ይጠቀማል። እነዚህ ሳይለዩ ሲደባለቁ ጀማሪው ምልክቱን የትእዛዙ አካል አድርጎ ይጽፈዋል።

ውጤቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ተርፎ የተጻፈ $ ብዙውን ጊዜ የስሕተት መልእክት ስለሚያስከትል ጉዳቱ ቀላል ነው። # ግን በባሽም፣ በአርም፣ በፓይተንም የማስታወሻ መጀመሪያ ስለሆነ ትእዛዙ ሳይፈጸም በጸጥታ ይታለፋል፤ መረጃ የሚያጠራው እርምጃ መዘለሉን ማንም ሳያውቅ አማካዩ ይሰላል። ከሁሉም የከፋው > ነው። በባሽ ይህ ምልክት ውጤትን ወደ ፋይል መላኪያ ነው፤ ከኋላው የስክሪፕት ስም ከተከተለ፣ በተለመደው አሠራር ስክሪፕቱ በመሄድ ፈንታ ባዶ ይሆናል።

አንዳንዶች ምልክቱን ጨርሶ መተው ይሻላል ይላሉ። ትእዛዝ ብቻ በሚቀርብበት ቦታ ሐሳባቸው ትክክል ነው። ትእዛዝና ውጤት ጎን ለጎን ሲታዩ ግን፣ የትኛው በተጠቃሚው እንደተጻፈ፣ የትኛው ከኮምፒዩተሩ እንደመጣ የሚለይ ምልክት ያስፈልጋል። ዋናው ቁም ነገር የተመረጠው ሥርዓት እስከ መጨረሻው አለመለዋወጡ ነው።

ይህ ለአካባቢው እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም የምትገኘው በዚሁ በደቡብ ጎንደር ነው። በድጓ የዜማ ምልክቶች ከንባቡ በላይ ይጻፋሉ፤ ዜማውን ይመራሉ እንጂ አይነበቡም። ቦታቸው የታወቀ በመሆኑ ተማሪው ከንባቡ ጋር አያምታታቸውም።

የመመረቂያ ጽሑፍ አባሪዎችና የሥልጠና መመሪያዎችም ሦስት ነገሮችን ቢያሟሉ ይበጃል፦ የምልክቶቹን ትርጉም በመግቢያው መግለጽ፣ የሚጻፈውን ትእዛዝ ከምልክቱና ከውጤቱ በግልጽ መለየት፣ በመጨረሻም ሥራውን የማያውቅ አንድ አንባቢ መመሪያውን እንደተጻፈ እንዲሞክረው ማድረግ። አማካሪዎችና ፈታኞች የሠንጠረዥን ቅርጽ እንደሚያርሙ ሁሉ ይህንንም ሊያርሙ ይገባል።