ዘንጉን ሳይመዙ መፈረም

ናይሮቢ ዳርቻ ባለው የትምህርት ቤታችን አትክልት ቦታ የሚያርሰው ትራክተር ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ሞዴሉ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራ የነበረ በመሆኑ ከብዙዎቹ መምህሮቻችን በዕድሜ ይበልጣል። ዘንድሮ በእርሻ መሀል የዘይት ግፊት ጠቋሚው ወረደ፤ ሞተሩ ከመንከስ የተረፈው ለጥቂት ነው። መዝገቡን ስናገላብጥ ግን «ዘይት ታይቷል» የሚል ፊርማ በየሳምንቱ አለ። ከፊርማዎቹ አንዳንዶቹ የእኛው የአስተዳደሩ ናቸው። ዘንጉን የመዘዘ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ለስምንተኛ ክፍል ሰጥተናል። ጥቂት ወላጆች «ልጄን የላክሁት ለትምህርት እንጂ ለጋራዥ አይደለም» ብለውናል። ስለ ዩኒፎርሙ እድፍ ያነሡት ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ቱታ ገዝተናል። በቀረው ግን አንስማማም። እኛን የሚያስፈራን ልጆቹ ያላዩትን አየን ብሎ መፈረምን ከእኛ እንዳይማሩ ነው።

ዘይት ማየት ራሱ ንባብ ነው። ትራክተሩ ደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ይጠበቃል። ዘንጉ ተመዝዞ ይጠረጋል፤ ተመልሶ ገብቶ ሲወጣ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ልጆቹ ጥቁር ዘይት ሲያዩ «ተበላሽቷል!» አሉ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ግን ጥላሸቱን ስለሚይዝ ቶሎ ይጠቁራል፤ ጥቁረቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የሚያሰጋው ወተት የመሰለው ነው፤ ውሃ ገብቶበታል። ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ ነዳጅ እየተቀላቀለው ነው።

ዘይቱ በሚቀየርበት ዕለት፣ በወጣትነታቸው አርሲ ውስጥ በመንግሥት እርሻ ትራክተር የነዱ የአንዲት ተማሪያችን አያት መጥተው ነበር። ልጆቹ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የማፍሰሻውን ብሎን ሊፈቱ ሲሉ፣ «ተዉ ልጆቼ፣ መጀመሪያ አሙቁት፤ ቆሻሻው ታች ተኝቷል» አሏቸው። ሞቆ ከጠፋ በኋላ ሲከፈት እውነትም አተላው አብሮ ወረደ። ፊልትሮውም ተቀየረ። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ሞልተን አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ሰጠን። የአጥር እንጨት መቀባት የለመዱ ቅር ቢላቸውም፣ ከጎመናችን አጠገብ አይፈስም።

አሁን መዝገቡ ላይ ከፊርማው ጎን አዲስ ዓምድ አለ፤ ተማሪው የዘይቱን ከፍታ፣ መልክና ሽታ በራሱ ቃል ይጽፍበታል። ባለፈው ሳምንት አንዷ «ከታችኛው ምልክት ትንሽ ከፍ ያለ፣ ጥቁር፣ ናፍጣ አይሸትም» ብላ ጻፈች። እኛም ከመፈረማችን በፊት ወርደን ዘንጉን መዘዝን።