ደጃችን የማንም አቋራጭ አይደለም!



ይህችን ጽሑፍ ቆማችሁ ስታነቡ ጀርባችሁን ለመንገዱ ሰጥታችኋል። እስቲ አንዴ ዞር በሉ። ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት ገልባጭ አለፈ? ከነዚያ መካከል እኛ ዘንድ ጉዳይ ኖሮት የመጣው ስንቱ ነው? አብዛኛው እኮ ከሰፈራችን ሰው አልጫነም፣ ዕቃም አላወረደም። አስፋልቱ ሲጨናነቅበት በኛ ደጅ ሾልኮ ሊያመልጥ የመጣ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው ትልቁ መንገድ ለመኪና ተብሎ የተሠራ ነው። የውስጥ መንገዳችን ግን ተማሪ ትምህርት ቤት የሚሄድበት፣ ሽማግሌ በከዘራው ተደግፎ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምበት፣ በግ የሚነዳበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት ነው። የእግረኛ መሄጃ ለብቻው የለውም። ልጅ ከበር ሲወጣ እግሩ የሚያርፈው እዚያው መኪናው በሚያልፍበት ላይ ነው። በበጋ አቧራው እስከ ምጣዳችን ይገባል፤ በክረምት ጭቃው ልብሳችን ላይ ይረጫል።

«ሰው ቸኩሎ ነው፣ ምን ይደረግ?» የሚሉ አሉ። እሺ፣ የችኮላውን ሒሳብ አብረን እንሥራው። አንድ ኪሎ ሜትር በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ 1 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ30 ሲነዳ ደግሞ 2 ደቂቃ። የሾፌሩ ትርፍ አንዲት ደቂቃ ናት! የኛስ ኪሣራ? ሾፌሩ ልጅ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በ60 የሚበረው መኪና በዚያች ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ30 የሚሄደው ግን 8 ሜትር ገደማ ነው። ፍሬኑ ከተረገጠም በኋላ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡ የየአገሩ ሚኒስትሮች እግረኛና መኪና በሚቀላቀልበት ቦታ ፍጥነት ከ30 እንዳይበልጥ ያሳሰቡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌሎች ደግሞ ታሪክ ይጠቅሱብናል። «በቴዎድሮስ አገር፣ መንገድ በተቀየሰበት በጋፋት፣ እንዴት መንገድ ይጠብ ትላላችሁ?» ይሉናል። ታሪኩን እኛም አንረሳውም። ሴባስቶፖል እዚሁ ጋፋት ተሠርቶ፣ 7 ቶን ያህል የሚከብደው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጥቷል። ገደሉ እየተናደ መንገድ ሲወጣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ ነበር። ነገር ግን ያ መንገድ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ታውቆ፣ ለአንድ ዓላማ የተቀየሰ ነው። የኛን ደጅ ለአቋራጭነት የቀየሰው ማን ነው? ማንም! ዝምታችን ብቻ ነው።

ዝም ያላሉትን እንመልከት። በሆላንድ አገር እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞተ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ፣ ጮኹ፣ አቤት አሉ። ዛሬ በዚያ አገር በብዙ የመኖሪያ ሰፈር ባለ መኪናው የሚገባው እንደ እንግዳ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ። በኛም አገር በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በተመረጡ ቀናት ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ ተለቀዋል። «መንገድ ለሰው» ተባለ። ለአዲስ አበባ ሰው የተባለ ለጋፋት ሰው አይባልም?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ሌሊት ድንጋይ እያንከባለሉ መንገድ የሚዘጉ አሉ። ኧረ ተው! በዚያ ድንጋይ የምትያዘው ምጥ የያዛት እናት የጫነች አምቡላንስ ናት። በጨለማ የሚሰናከልበትም የገዛ ጎረቤታችን ነው። ደግሞም ባጃጁን ከሚያበሩት አንዳንዶቹ የኛው ልጆች ናቸው። ማታ በእራት ሰዓት ያልመከርነውን ልጅ ጧት ትራፊክ ፖሊስ ይቅጣልን ማለት ነውር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ ከቦታ ቦታ በልክ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፤ ሁለተኛ፣ ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ገልባጭና ከባድ መኪና እንዳይገባ የሚከለክል ምልክት፤ ሦስተኛ፣ አንዱ የመንገድ አፍ ለአላፊ አግዳሚ መኪና ተዘግቶ፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና የሚከፈት መዝጊያ እንዲደረግበት። አስፋልቱ ላይ ያለው መጨናነቅም በአስፋልቱ ላይ ይፈታ፤ መኪና ያላግባብ የሚያቆም ይነሣ። የአንዱን ሰፈር ችግር ወደ ሌላው ሰፈር መግፋት መፍትሔ አይደለም፤ ይህ መንገድ ሲዘጋ ጎረቤት መንደር እንዳይጎዳ እነሱንም ጠርተን እንመካከር።

ማመልከቻው ተጽፎ ለከተማው አስተዳደር የሚቀርበው በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ነዋሪው ሲፈርምበት ነው። «እኔ ብቀር ምን ይጎድላል?» አትበሉ። አምስት ሰው የፈረመበት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ሰፈሩ ሁሉ የፈረመበት ግን መልስ ይሻል። ንጉሡ ለመንገድ ብለው ድንጋይ በእጃቸው ካነሡ፣ እኛ ለልጆቻችን ብለን እስክርቢቶ ማንሣት ሊከብደን ነው?

መንገድ ለሰው ተሠራ እንጂ ሰው ለመንገድ አልተፈጠረም!